የራሳቸውን ሕክምና ለፈተና ያቀረቡት ሐኪም

እ.ኤ.አ. በ1977 ከለንደን የወጣ አንድ ጥናት የአልኮል ሱስ ሐኪሞችን ቅር አሰኝቶ ነበር። ተመራማሪዎቹ ወደ ሞድስሊ ሆስፒታል ለሕክምና የመጡ 100 ባለትዳር ወንዶችን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። ግማሾቹ በጊዜው የነበረውን ሙሉ ሕክምና ለወራት ተከታተሉ፤ ቀጠሮ፣ መድኃኒት፣ ሲያስፈልግም ተኝቶ መታከም ነበረው። ሌሎቹ ከነሚስቶቻቸው አንድ ጊዜ ብቻ ምክር ተሰጣቸውና ከዚህ በኋላ ያለው ኃላፊነት የእናንተው ነው ተብለው ተሸኙ። ዓመቱ ሲሞላ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም።

ጥናቱን ከሳይኮሎጂስቱ ጂም ኦርፎርድ ጋር ያሳተሙት ግሪፊዝ ኤድዋርድስ ራሳቸው የሞድስሊ የአእምሮ ሐኪም ነበሩ። እንጀራቸው የነበረውን ሕክምና በሰው ፊት ለፈተና አቀረቡት ማለት ነው። ውጤቱን ይዘው ሕክምና ከንቱ ነው ያሉ አልጠፉም። ጥናቱ ግን እንዲያ አላለም፤ በሁለቱም ወገን ሕይወታቸው የተሻሻለ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ በጤና ጣቢያ ደረጃ የሚሰጠው አጭር ምክር ተቀባይነት እንዲያገኝ መንገድ ከጠረጉት ሥራዎች አንዱ ይኸው ነው።

ኤድዋርድስ በ1928 ሕንድ ውስጥ ተወልደው፣ ኦክስፎርድ ተምረው፣ በ1967 በለንደን የሳይካትሪ ኢንስቲትዩት የሱስ ምርምር ክፍልን አቋቋሙ። በ1976 ከአሜሪካዊው ሚልተን ግሮስ ጋር የጻፉት አጭር ጽሑፍ ሐኪሞች ጠጪን የሚያዩበትን ዓይን ቀየረ። ከዚያ በፊት ሰው ወይ ሰካራም ነው፣ ወይ አይደለም። እነሱ ግን ጥገኝነት ደረጃ እንዳለው አሳዩ። ሰውየው መጠጡን ከሌላው ጉዳይ ሁሉ ያስቀድማል፤ ድሮ ያሰክረው የነበረው መጠን አይበቃውም፤ ጠዋት እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ያለ ማርከሻ ቀኑን አይጀምርም፤ አቁሞ ቢቆይም እንደገና ሲቀምስ በጥቂት ቀናት ወደ ነበረበት ይመለሳል። ይህ አገላለጽ በኋላ ዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ ውስጥ ገብቷል።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ከምርምራቸው ይልቅ የአርታኢነት ሥራቸው ሊወሳ ይገባል። በ1978 ዋና አዘጋጅነቱን የተረከቡት ጆርናል በ1884 የተጀመረ፣ እድሜ ጠገብ የእንግሊዝ ሕትመት ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ ሲመሩት ዓለም አቀፍ አደረጉት፤ በ1993 ስሙ እንኳ “ብሪቲሽ” የሚለውን ቃል ጥሎ “አዲክሽን” ብቻ ሆነ። በዘርፉ ያረጁ ተመራማሪዎችን ቁጭ አድርጎ የሚያናግር የቃለ መጠይቅ ዓምድም ከፈቱ። ለደረቅ የሳይንስ ጆርናል እንግዳ ነገር ነበር፤ ዛሬ ግን የሱስ ምርምርን ታሪክ መጻፍ የሚፈልግ ሰው ያለ እነዚያ ቃለ መጠይቆች ብዙ አይራመድም።

አርታኢነት በሱስ ጉዳይ ላይ የሰላም ሥራ አይደለም። ጥናቱ የማን ገቢ እንደሚነካ ይታወቃል። በ1994 ኤድዋርድስና ባልደረቦቻቸው በዓለም ጤና ድርጅት ድጋፍ ባዘጋጁት መጽሐፍ፣ የአልኮል ጉዳትን ለመቀነስ የመጠጥ ዋጋን በግብር ከፍ ማድረግና የሽያጭ ሰዓትና ቦታን መወሰን ፍቱን መሆኑን በማስረጃ አቀረቡ። በመጠጥ ኩባንያዎች ገንዘብ የሚንቀሳቀሰው የብሪታንያው ፖርትማን ግሩፕ መጽሐፉን የሚተች ጽሑፍ ስማቸውን ሳይገልጹ እንዲጽፉ ለምሁራን ክፍያ ማቅረቡ ያኔ በጋዜጣ ተጋለጠ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1997፣ የሱስ ጆርናሎች አዘጋጆች በአሜሪካዋ ፋርሚንግተን ተሰብስበው አንድ የጋራ ሰነድ አጸደቁ፤ ጸሐፊዎች የጥናታቸውን የገንዘብ ምንጭ እንዲገልጹ የሚጠይቅ ሐሳብም ነበረበት።

በመጽሐፉ እንደቀረቡት ያሉ የፖሊሲ ሐሳቦች ለኢትዮጵያ አንባቢም እንግዳ አይደሉም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከመውጣቱ በፊት በዓል በመጣ ቁጥር ቴሌቪዥኑ የቢራ ነበር። አዋጁ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ፤ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው መሸጥንም ከለከለ። የማስታወቂያ ገቢ ያጡ ጣቢያዎች ጩኸት ለመረዳት አይከብድም፤ ሕጉ ግን ትክክል ነበር። ችግሩ ኤድዋርድስ የደከሙለት ሁለተኛው ግማሽ መጉደሉ ነው፤ ሕግ ከወጣ በኋላ የሠራና ያልሠራ መሆኑን መለካትና በግልጽ ማተም።

እዚህ አገር ልኬቱ ከለንደን ይከብዳል። ጠላና ካቲካላ በየመንደሩ ይጠመቃሉ፣ ይወጣሉ፤ ማስታወቂያም፣ በጠርሙስ የሚቆጠር ግብርም የላቸውም። የቢራ ዋጋ ሲንር ገሚሱ ጠጪ ወዴት እንደሚሄድ ሰፈሩ ያውቀዋል። ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. በ2012 አርፈዋል፤ ጥያቄው የእኛ ነው። የኢትዮጵያ ሕክምና ጆርናል እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ይታተማል። አዋጁ መጠጥን ቀንሷል ወይስ ጠጪውን ከጠርሙስ ወደ ጣሳ ብቻ አዛውሯል ብሎ የመረመረ ጥሩ ጥናት ሲቀርብለት፣ መልሱ ጤና ሚኒስቴርንም ሆነ የቢራ ፋብሪካዎችን ባያስደስት እንኳ አትሞ ሊያወጣው ይገባል።