የፎቶግራፍ ታሪካችን ከቤተ መንግሥት አጥር ይውጣ

የኢትዮጵያን የፎቶግራፍ ታሪክ የሚተርኩ ጽሑፎች አብዛኞቹ አንድ መስመር ይከተላሉ። ከቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺው ከቤድሮስ ቦያጂያን ተነሥተው በልጆቹ በሃይጋዝና በቶርኮም በኩል ወደ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ፎቶ አንሺ ወደ ሽመልስ ደስታ ይደርሳሉ። የትንሽ ከተማ ፎቶ አንሺ አዲስ አበባን ዘግይቶ የቀዳ፣ ከጉርድ ፎቶ ያላለፈ ተደርጎ ይታለፋል። የቤተ መንግሥቱ ፎቶ አንሺዎች ሥራ ታላቅነት አያከራክርም። የምቃወመው ድምዳሜውን ነው።

የቤተ መንግሥቱ ፎቶ የተረፈው ጠባቂ ስለነበረው ነው። የሰሜን ሸዋ ዞን ከተሞች የሸዋ ሮቢት፣ የደብረ ሲናና የአጣዬ ፎቶ ግን በየቤቱ ግድግዳና ሣጥን ተበትኗል። መዝገብ ቤት አለመግባቱ አለመኖሩን አያሳይም። ለምሳሌ የማሊው ፎቶ አንሺ ሴይዱ ኬይታ እ.ኤ.አ. በ1948 ባማኮ ላይ ፎቶ ቤት ከፍቶ ለዓመታት ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1991 ሥራዎቹ ኒው ዮርክ ለዕይታ ሲቀርቡ ግን አንሺው አይታወቅም ተባለ። ሰውየው በሕይወት ነበር፤ የጠፋው ባማኮ ሄዶ የሚጠይቅ ነው።

«ቀዳ» የሚለውም ሙያውን ቀርቦ ካለማየት የመጣ ነው። በሣጥን ካሜራ የሚሠራ ሰው እጁን በጨርቅ እጅጌ አስገብቶ ወረቀቱን እዚያው ሣጥን ውስጥ ያጥባል። የወጣውን ኔጌቲቭ ከሌንሱ ፊት ሰክቶ ደግሞ ያነሣዋል፤ ያን ጊዜ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ መልክ ይወጣል። ለዚህ ሁሉ የኤሌክትሪክ መብራት አያስፈልገውም። ነገር ግን ሙቀት ኬሚካሉን ያፈጥናል፤ በአዲስ አበባ ብርድ የተለመደው ደቂቃ ሸዋ ሮቢት ባለበት በይፋት ቆላ ፎቶውን ያጠቁረዋል። የቆላ ፀሐይም ዓይን ሥር ጥላ ይጥላል። ስለዚህ ቆላ ላይ የሚሠራ ባለሙያ ሰዓቱንና መጋረጃውን በራሱ ልምድ ይወስናል እንጂ ከአዲስ አበባ አይቀዳም።

ጉርድ ፎቶም ቢሆን ተራ ነገር አይደለም። ቀበሌ በ1967 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ መታወቂያ ለብዙዎች የመጀመሪያ ፎቷቸውን ይዞ መጣ። በዚያው አካባቢ በሰንበቴ ገበያ የሚገናኙት አማራ፣ አርጎባ፣ ኦሮሞና አፋር መልካቸው የሚፈለገው በእንዲህ ያለ ጉርድ ፎቶ እንጂ በቤተ መንግሥት አልበም አይደለም።

የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲና የዞኑ ባህል መምሪያ አረጋውያን ሳያልፉ ፎቶዎቹን ከየቤቱ ይቅዱ፣ ከጀርባቸው ያለውን የፎቶ ቤት ማኅተም ይመዝግቡ፣ ዋናውን ለባለቤቱ ይመልሱ። ይህ ሳይደረግ የሚጻፍ ታሪክ የአንድ ግቢ ታሪክ እንጂ የኢትዮጵያ ፎቶግራፍ ታሪክ ሊባል አይገባም።