መስመር ከመጨመር አስቀድሞ መጋዘኑ ይመርመር



ባለፈው ታኅሣሥ፣ የንግድ ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደስበት ጊዜ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በዳንግላ ከተማ በምንሠራበት ሕንፃ ያሉ ባለሱቆች በእኛ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ተሰልፈው ነበር። የሕንፃው የኢንተርኔት መስመር አንድ ነው፤ ዋጋውን በመዋጮ እንከፍላለን፤ መግቢያውም በእኛ ክፍል በተቀመጠው ፕሮክሲ ሰርቨር በኩል ነው። ቅጹ ተሞልቶ ሊላክ ሲል ገጹ ይቆማል፤ ቆይቶም ጊዜው አልፏል ብሎ የተጻፈውን ሁሉ ይደመስሳል። አንድ የኑግና የበርበሬ ነጋዴ ጎረቤታችን ሦስት ቀን ተመላልሰው ስላልሆነላቸው፣ በአራተኛው ቀን ሱቃቸውን ዘግተው ባሕር ዳር ድረስ ተሳፍረው አሳደሱ።

ከዚህ በኋላ በተደረገው ስብሰባ ብዙዎቹ፣ መስመሩ ጠባብ ስለ ሆነ መዋጮው በእጥፍ ይደግና ሰፊ መስመር ይገዛ አሉ። እኔ በበኩሌ ተቃወምሁ። ምክንያቴን በዚያ ቀን በሚገባ ለማስረዳት ጊዜ ስላላገኘሁ፣ ሌሎችም ከተሞች ይህንኑ ወጪ እንዳያወጡ በማሰብ እዚህ አቀርበዋለሁ።

ፕሮክሲ ማለት ወኪል ማለት ነው። የዳንግላ ባለሱቅ አንድ ካርቶን ሳሙና በፈለገ ቁጥር አይሱዙ ወደ አዲስ አበባ አይልክም፤ ከጅምላ አከፋፋዩ መጋዘን ይወስዳል እንጂ። ይህም ሳጥን እንዲሁ ነው። አንዱ ሠራተኛ ያስመጣውን ገጽ በመጋዘኑ ያስቀምጥና ሁለተኛው በጠየቀ ጊዜ ከዚያው ያወጣለታል። በብዙ ቦታ የሚሠራበት ስኩዊድ የተባለው ነፃ ፕሮግራም በአሜሪካ አገር እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ነው። በአገራችን የኢንተርኔት አገልግሎት በ1989 ዓ.ም. ሲጀመር መስመሩ ጠባብና ውድ ስለ ነበረ፣ እንዲህ ያለው መጋዘን ታላቅ ጥቅም ይሰጥ ነበር።

ዛሬ ግን ነገሩ ተለውጧል። አብዛኛው ገጽ በምስጢር ታሽጎ የሚመጣ ሆኗል፤ ክሮም የተባለው የድረ ገጽ መመልከቻም ከእ.ኤ.አ. ሐምሌ 2018 ጀምሮ ያልታሸገውን ሁሉ «አስተማማኝ አይደለም» ብሎ ያስጠነቅቃል። ወኪሉ የታሸገውን ጭነት ያሳልፋል እንጂ ፈትቶ ሊያከማች አይችልም። ስለዚህ የባንክም ሆነ በ2012 ዓ.ም. የተጀመረው የጉምሩክ የአንድ መስኮት አገልግሎት ገጽ ከመጋዘን አይወጣም፤ መውጣትም የለበትም። ይህን ሳይረዱ «መጋዘኑን እናስፋው» ብለው ትልቅ ዲስክ የሚገዙ ነጋዴዎች ባዶ ጎተራ እየሠሩ ናቸው።

እንግዲህ መጋዘኑ ብዙ የማይጠቅም ከሆነ መዘግየቱ ከየት መጣ? እዚህ ላይ ነው ምርመራ የሚያስፈልገው። በመጀመሪያ አንድ ኮምፒውተር ከሳጥኑ ነጥዬ በቀጥታ ከመስመሩ ጋር አገናኘሁ። ያው ቅጽ ያለ ችግር ተከፈተ። በዚህ ብቻ ጠባብ የተባለው መስመር ከክሱ ነፃ ወጣ፤ ሙከራው የፈጀው ሩብ ሰዓት ነበር።

ቀጥዬ የሳጥኑን መዝገብ ከፈትሁ። ስኩዊድ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ መስመር ይጽፋል፤ ሁለተኛው ቁጥር ጉዳዩ የፈጀውን ጊዜ በሴኮንድ ሺሕኛ ያመለክታል። ሳልደብቅ ለመናገር፣ በዚህ ላይ ሁለት ቀን ተሳስቻለሁ። አንዳንዱ ቁጥር በመቶ ሺሕ የሚቈጠር ሆኖ ባየሁ ጊዜ ጥፋቱን ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። ለካስ በታሸገው ጭነት ረገድ ያ ቁጥር በሩ ክፍት ሆኖ የቆየበትን ጊዜ በሙሉ የሚናገር እንጂ መዘግየትን የሚያሳይ አይደለም። እውነቱ የተገኘው ፕሮግራሙ ስለ ራሱ ከሚሰጠው የአስተዳደር ማጠቃለያ ነው። እዚያ፣ የስም ፍለጋ በሚለው አንጻር፣ አምስት ሴኮንድ ያህል ተጽፎ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳጥኑ ወደ አንድ ገጽ ከመሄዱ በፊት የገጹን ስም ይዞ የቁጥር አድራሻውን የሚነግረውን ሰርቨር ይጠይቃል። የእኛ ሳጥን በመጀመሪያ የሚጠይቀው ሰርቨር ከቀድሞው መስመራችን ጋር የተሰጠ ኖሮ፣ መስመሩ ሲለወጥ መልስ መስጠቱን አቁሟል። ስኩዊድ አምስት ሴኮንድ ጠብቆ ወደ ሁለተኛው ይሻገራል። አንድ ገጽ የብዙ ቦታ ስሞችን ስለሚጠራ መጠበቁ ይደራረባል። አንድ ጊዜ የታወቀ ስም ለጥቂት ጊዜ ስለሚታወስ ግን ገጹ በሁለተኛው ሙከራ ይፈጥናል፤ «አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም» እየተባለ ወራት ያለፉትም በዚህ ምክንያት ነው። ሳጥኑን የተከለው ባለሙያ አድራሻውን በእጁ ጽፎ ሄዷል፤ መስመሩ በተለወጠ ጊዜ ማስተካከል የነበረብኝ ደግሞ እኔ ነበርሁ።

ይህ ወረዳ የመልእክትን ነገር የማያውቅ አይደለም። የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሜጀር ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 መቀመጫው ዳንግላ ነበር፤ መልእክትም በበቅሎና በእግረኛ ይሄድ ነበር። መልእክተኛ ሲዘገይ የት እንዳደረ ይጠየቅ ነበር እንጂ፣ ወዲያው ሌላ በቅሎ ይገዛ ነበር ብዬ አላምንም።

ሌላም ምክንያት ይኖራል። ለመጋዘኑ የተመደበው ማስታወሻ የኮምፒውተሩን ማስታወሻ ሁሉ የሚያጣብብ ከሆነ ማሽኑ ከዲስክ እየተበደረ ይንፏቀቃል። የተከለከሉ ገጾች ዝርዝር ከመጠን በላይ ሲረዝምም እንዲሁ ነው። በምሳ ሰዓት ወጣቶቻችን የሚያዩት ቪዲዮ መስመሩን ቢይዝ፣ ስኩዊድ ለእያንዳንዱ ሰው ልክ መወሰን ይችላል።

አጥብቄ የምቃወመው ግን አንድ ምክር አለ። አንዳንድ ባለሙያዎች፣ ወኪሉ የታሸገውን ፈትቶ እንዲያከማችና መልሶ እንዲያሽግ እናድርገው ይላሉ። ይህ በቴክኒክ ረገድ የሚቻል ነው። ሆኖም በዚያ ሳጥን በኩል የሚያልፈው የጎረቤቶቻችን ሁሉ የባንክ የይለፍ ቃል በእኔ ጠረጴዛ ሥር ተገልጦ ያልፋል ማለት ነው። እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ የሰውን ካዝና ቁልፍ ልይዝ አልፈልግም፤ ሌላውም ቢይዘው አልወድም።

የንግድ ምክር ቤታችንን የምለምነው፣ በየከተማው ካሉት ጸሐፊዎች አንዳንዱን ለጥቂት ቀን ሰብስቦ ይህን መዝገብ ማንበብ እንዲያስተምር ነው። ከአንድ ወር የመዋጮ ጭማሪ የበለጠ ወጪ የሚጠይቅ አይመስለኝም። የሳጥኑም የይለፍ ቃል በተከለው ሰው እጅ ብቻ ሳይሆን በንብረቱ ባለቤት ካዝና ይቀመጥ።

የእኛ መዋጮ በነበረበት ቀርቷል። አዲሱን የስም ሰርቨር አድራሻና የተለወጠበትን ቀን በወረቀት ጽፌ በሳጥኑ ላይ ለጥፌአለሁ።