የአንዱ ቀበሌ ደን የሌላውን አይተካም
ከዓባይ በረሃ እስከ ጮቄ ራስ፤ ችግኝ ሲመረጥ ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ

ክረምት በገባ ቁጥር በየቀበሌው ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ችግኝ ይከፋፈላል፤ የተተከለውም ተቆጥሮ ለወረዳ ይነገራል። በተለይም የአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የተከላው ሥራ በስፋት ቀጥሏል። ይሁን እንጂ «ስንት ተተከለ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን በቂ አይደለም። ምን ዓይነት ዛፍ፣ በየትኛው ቦታ፣ ከየት በተለቀመ ዘር ተተከለ የሚለውም እኩል መጠየቅ አለበት። ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ዲማ ላይ ቆሞ ቁልቁልና ሽቅብ መመልከት ይበቃል።

ሦስት ሺህ ሜትር ዳገት

ዲማ የምትገኘው በምሥራቅ ጎጃም፣ በዓባይ ሸለቆና በጮቄ ተራራ መካከል በተዘረጋው ደጋማ ምድር ላይ ነው። ከደጀን ቁልቁል ተወርዶ የዓባይ ድልድይ ሲደረስ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ነው። የጮቄ ራስ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በቀጥታ ሲለካ 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም። አየሩ ግን በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ በሸለቆውና በተራራው ራስ መካከል የ18 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ።

ይህ ልዩነት በዕፅዋቱ ላይ በግልጽ ይታያል። በሸለቆው ግራር፣ ቁርቁራና አባሎ በብዛት ይገኛሉ፤ ገበሬውም ማሽላ ይዘራል። ሽቅብ ሲወጣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ሾላና ዋርካ ይመጣሉ። ጤፍና ሽምብራ በሚበቅሉበት አምባ ላይ ወይራና ጥድ ይታያሉ። ገብስና ድንች ወደሚመረቱበት ደጋ ሲደረስ ኮሶ፣ አምጃና ቀርቀሃ ይከተላሉ። በመጨረሻም በውርጩ ምድር አስታ፣ ጓሳና ጅባራ ብቻ ይቀራሉ።

እንግዲህ ዕፅዋትም እንደ ሰው የየራሳቸው ማኅበር አላቸው ማለት ነው። የአንዱ ማኅበር አባላት በአንድ ጊዜ ሁሉም አይለወጡም፤ ሽቅብ ሲኬድ አንዱ እየቀረ ሌላው እየተተካ ይሄዳል። የዲማ ገበሬ ጤፉን ጮቄ ራስ ላይ እንደማይዘራ ሁሉ፣ ዛፍም ከልኩ ወጥቶ ሲተከል አይሳካለትም። ለእህሉ የምንጠነቀቀውን ያህል ለችግኙ የምንጠነቀቅ ስንቶቻችን ነን?

ሁለት ምክንያቶች

የዕፅዋትና የእንስሳት ማኅበር ከቦታ ቦታ የሚለወጥባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው የአካባቢው ጠባይ ነው፤ ይኸውም ከፍታ፣ ዝናብና አፈር ነው። ጀርመናዊው ሊቅ አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት እ.ኤ.አ. በ1802 ኢኳዶር ውስጥ ቺምቦራሶ የተባለውን ተራራ ወጥቶ፣ ዕፅዋት በከፍታ ተደልድለው እንደሚኖሩ በሥዕል አሳይቷል። የጎጃም ገበሬ ግን «ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ» እያለ ይህንኑ ከጥንት ጀምሮ ሲለይ ኖሯል።

ሁለተኛው ምክንያት ርቀት ነው። ዘር ካልደረሰበት፣ ቦታው የቱንም ያህል ተስማሚ ቢሆን አይበቅልም። ለምሳሌ ያህል ጅባራን እንመልከት። ጅባራ በጮቄ፣ በስሜንና በባሌ ተራሮች ላይ ይገኛል። በመካከላቸው በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ቢኖርም የከፍታቸውና የብርዳቸው ተመሳሳይነት አንድ አድርጓቸዋል። ወደ ታንዛኒያው ኪሊማንጃሮ ሲኬድ ግን ብርዱ ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ የሚገኘው የጅባራ ዘመድ የሆነ ሌላ ዓይነት ነው። ስለዚህ የተመሳሰለ አየር መልክን ያቀራርባል፤ ርቀት ደግሞ ዘርን ይለያል።

ርቀትን ሰውም ሊያበዛው ይችላል። ቀይ ቀበሮ እስከ 20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ድረስ በጎጃም ተራሮች ይኖር ነበር፤ ዛሬ የለም። በስሜንና በወሎ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች በመካከል ያለውን እርሻና ሸለቆ አቋርጠው ጮቄን መልሰው ሊይዙ አይችሉም። ዛፍም እንዲሁ ነው። የወይራንና የጥድን ፍሬ ወፎች በልተው ዘሩን ያዛምታሉ፤ የኮሶን ዘር ነፋስ ይወስደዋል። በሁለት ደኖች መካከል ያለው ቁጥቋጦ ሁሉ ተመንጥሮ ሜዳ ሲሆን ግን ወፉ ማረፊያ ያጣል፤ ሁለቱ ደኖች ባሉበት ቢቆዩም የተራራቁ ያህል ይሆናሉ።

የደብሮቹ ደኖች ምስክርነት

በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የጥንቱ ደን ቅሪት በብዛት የሚገኘው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ መሆኑ የታወቀ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደኖች አጥንተው 168 ዓይነት ዛፎች፣ ቁጥቋጦዎችና ሐረጎች መዝግበዋል። ከእነዚህም 160ዎቹ አገር በቀል ናቸው። ከዓባይ ወዲህ ማዶ ላለነው ትልቁ ቁም ነገር ግን ድምሩ አይደለም። 168ቱም ዓይነት በአንድ ደብር አልተገኙም፤ የደኖቹ ይዘት በተለይ እንደየከፍታቸው የተለያየ ሆኖ ተገኝቷል። የሰው እጅና የከብት ግጦሽም የየራሳቸውን ለውጥ አምጥተዋል።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። «የኛ ቢመነጠር የጎረቤት ቀበሌ ደን አለ» የሚለው አባባል ስሕተት ነው። የቆላው ደብር ደን ሲጠፋ የደጋው ደብር ደን አይተካውም፤ በውስጡ ያሉት ሌሎች ናቸውና። ቢበዙም ቢያንሱም እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ይቆጠራሉ።

ሌላም አሳሳቢ ጉዳይ አለ። በእነዚሁ ደኖች አፈር ውስጥ ተቀብሮ የተገኘው ዘር ሲመረመር አብዛኛው የሣርና የአረም ሆኖ፣ የዋና ዋናዎቹ ዛፎች ዘር እጅግ ጥቂት ነበር። ስለዚህ ደኑ አንዴ ከተቆረጠ «መሬቱ ራሱ ያበቅለዋል» ብሎ መጠበቅ ከንቱ ተስፋ ነው።

ባሕር ዛፍስ?

ባሕር ዛፍ ቶሎ ደርሶ ለቤት መሥሪያ፣ ለማገዶና ለገንዘብ ይጠቅማል። ወይራና ዝግባ ግን የብዙ ዓመት ትዕግሥት ይጠይቃሉ። ልጁን ትምህርት ቤት የሚልክ፣ ማዳበሪያ የሚገዛ ገበሬ ባሕር ዛፍ ቢመርጥ የሚወቀስ አይደለም። ነገር ግን ከዳገት እስከ ሜዳ አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ መትከል አደጋ አለው። በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ ብዙ ገበሬዎችን ጠቅሞ ሳለ፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የዝገት በሽታ ገብቶ ተክሉን አውድሟል። ልዩ ልዩ ዛፍ ባለበት ደን አንዱ ቢታመም ሌላው ይቆማል፤ ሁሉም አንድ ሲሆን ግን ሁሉም አብሮ ይወድቃል።

የአየሩ መሞቅም ሳይዘነጋ ነው። አንድ ዲግሪ ሙቀት ሲጨምር ለአንድ ተክል የሚስማማው ቦታ ከ160 ሜትር በላይ ሽቅብ ይሸሻል። የአምባው ዛፍ ወደ ደጋው ሊወጣ ይችል ይሆናል፤ የጮቄ ጅባራ ግን ከራሱ በላይ መሬት የለውም።

ከማኅበር መሪዎች የሚጠበቀው

ከዚህ አኳያ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ከመጪው ተከላ በፊት የሚከተሉትን ቢፈጽሙ ጠቃሚ ይሆናል።

በመጀመሪያ፣ ከሽማግሌዎችና ከካህናት ጋር ሆኖ በቀበሌው ደን ውስጥ ያሉትንና የጠፉትን ዛፎች በስም መመዝገብ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ለችግኝ ጣቢያው ዘር ሲለቀም በተቻለ መጠን በከፍታና በአፈር ከሚተከልበት ቦታ ጋር ከሚመሳሰል ደን፣ ከአንድ እናት ዛፍ ሳይሆን ከብዙ ዛፎች ይለቀም። ቅርብ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ከገደሉ ሥር የመጣ ዘር ለአፋፉ እንግዳ ነው።

ሦስተኛ፣ ከብት ቡቃያውን እንዳይጨርስ ደኑ ይከለል። በደቡብ ጎንደር ገበሬዎች ከማሳቸው የለቀሙትን ድንጋይ በደብሩ ደን ዙሪያ ክበው ማሳውንም ደኑንም ጠቅመዋል። አራተኛ፣ በደንና በደን መካከል ባለው የወሰን ድንበር፣ የወንዝ ዳርና ገደላ ገደል ላይ አገር በቀል ዛፍና ቁጥቋጦ ይተከል፤ ወፏም ዘሩን ይዛ ትሻገራለች። ባሕር ዛፉ ደግሞ ከምንጭና ከእርሻ ራቅ ብሎ በራሱ ቦታ ይወሰን።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የሚጠይቀው በጉባኤ መወሰንን፣ የተወሰነውንም መጠበቅን ነው። የችግኝ ቁጥር በአንድ ክረምት ሊሞላ ይችላል፤ አንድ የጠፋ የደን ማኅበር ግን በልጅ ልጅ ዘመንም ተመልሶ ላይገኝ ይችላልና ሊታሰብበት ይገባል።