ስለ ዓመት ሒሳብና ስለ ተረሳው በሽተኛ

ሰው ሒሳብ አስረክብ የሚባለው ሁልጊዜ ስለ ተጠረጠረ አይደለም፤ የሌላ ሰው ገንዘብ ወይም የሌላ ሰው ነፍስ በእጁ ስላለ ነው። እረኛ ማታ በጎቹን ቆጥሮ የሚያስገባው ሌባ ነህ ተብሎ ሳይሆን በጎቹ የርሱ ስላልሆኑ ነው። ጧት ሲያወጣ ቆጥሮ ማታ ሲመለስ የማይቆጥር እረኛ ግን፣ የጧቱ ቁጥር የቱን ያህል ትክክል ቢሆን፣ ሒሳብ ሰጠ አይባልም። ይህን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ዳሩ ግን እኛ ትልልቆቹ ነገሩ ከበግ ወደ ሰው፣ ይልቁንም አእምሮው ወደ ታመመ ሰው በደረሰ ጊዜ፣ የጧቱን ቁጥር ብቻ ሰምተን እናጨበጭባለን። ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። ካጨበጨቡት አንዱ እኔ ነኝ።

የምኖረው በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ ቱሉ ዲምቱ በሚባለው ሰፈር ነው። ስሙ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። ቀድሞ እርሻ የነበረው መሬት ዛሬ ፎቅ በፎቅ ሆኗል፤ ወደ አዳማ የሚወስደው ፈጣን መንገድም ከዚሁ ይነሣል። እንዲህ ባለ አዲስ ሰፈር ሰው ከሰው ጋር ግድግዳ ይጋራል እንጂ ችግሩን ቶሎ አይጋራም።

ባንድ የሰኔ ማለቂያ፣ የመንግሥት የበጀት ዓመት በሚዘጋበት ሰሞን፣ ስሙን የማልጠራው አንድ የጤና ድርጅት የዓመቱን ሥራ ለነዋሪው ሊያስረዳ ጠራን። ሄድኩ። ሪፖርቱ በረጅሙ ተነበበ። ክትባቱ፣ የወላዱ፣ የስብሰባው፣ የሥልጠናው ቁጥር ሁሉ ከዕቅዱ ጋር እየተነጻጸረ ቀረበ። ወደ መጨረሻው በአንድ መስመር «የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት ከዕቅድ በላይ ተሠርቷል» ተባለ። «ጥያቄ ያለው?» ሲባል አንዱ ስለ በሩ ጭቃ ጠየቀ፤ ሌላው ተነሥቶ አመሰገነ። እኔ ሰዓቴን አየሁ። ከዚያ ሁላችንም አጨብጭበን ወጣን።

ወደ ቤቴ ስመለስ ከእኛ ፎቅ በላይ የሚኖሩትን እናት በደረጃው ላይ አገኘኋቸው። «ጋሼ፣ ከስብሰባው መምጣትዎ ነው? ስለ መድኃኒቱ ምን አሉ?» አሉኝ። የምመልሰው ስላጣሁ ወደ ቤታቸው ይዘውኝ ገቡ።

ልጃቸው ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ሕመሙ ሲጀምረው እንቅልፍ አጣ፤ ሌላው የማይሰማው ድምፅ ይሰማው ጀመር። በመጀመሪያ ጠበል ወሰዱት፤ ቀጥሎ ሐኪም ዘንድ አቀረቡት። መድኃኒቱን በጀመረ በሁለተኛው ወር ደኅና ሆኖ በሕንፃ ዕቃ መደብር ሥራ ያዘ። በአራተኛው ወር «መድኃኒቱ የለም፤ ወደ መርካቶ በኩል ሄዳችሁ ፈልጉ» ተባሉ። እኚህ እናት እንጀራ ሸጠው የሚያድሩ ሰው ናቸው። አንድ ሁለት ጊዜ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጠው ገዙለት፤ ከዚያ በኋላ ግን አቅም አነሳቸው። ልጁም «ድኛለሁ፤ አልውጥም» አለ። ሕመሙ ተመለሰ። ባንድ ሌሊት ወጥቶ መኪና በሚበርበት መንገድ መካከል ቆሞ ተገኘ። ከዚያች ሌሊት ወዲህ እግሩ በገመድ ከአልጋው ጋር ታስሯል። «ያሰርኩት ጠልቼው መሰለዎት?» አሉኝ። ከቤታቸው እስክወጣ ድረስ ቃል አልተናገርኩም።

እንግዲህ አስተውሉ። ይህ ልጅ ከሪፖርቱ ውስጥ አልቀረም። ካርድ አውጥቶ ነበርና «አገልግሎት ያገኘ» ተብሎ ገብቷል፤ ሦስት ጊዜ ስለ ሄደም ምናልባት እንደ ሦስት ሰው ተቆጥሮ ይሆናል። ያጨበጨብንለት ቁጥር አንዱ ክፍል እርሱ ነው። ሪፖርቱ ውሸት አልተናገረም። በበሩ የገባውን ቆጠረ፤ ከበሩ ወጥቶ የቀረውን አልቆጠረም። እኔ ክፉ ነው የምለው ይህን ነው። ውሸት ቢሆንስ አንድ ቀን ይገለጥ ነበር፤ እንዲህ ያለው ግማሽ እውነት ግን ተፈርሞበትና ታትሞበት ወደ በላይ ያልፋል።

ይህ የአንድ ሰፈር ጉድለት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአገራችን ለአእምሮ ሕሙማን የተለየው የአማኑኤል ሆስፒታል የተቋቋመው በጣሊያን ወረራ ዘመን ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ለመላው አገር ያለው ሆስፒታል እርሱ ብቻ ነበር። በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊቲ ማሠልጠን ሲጀምር፣ ከ65 ሚሊዮን በላይ ለሆነ ሕዝብ የነበሩት የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞች 11 ያህል ብቻ ነበሩ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቡታጅራ አካባቢ ተመራማሪዎች 68,000 በሚያህሉ ሰዎች ላይ ቤት ለቤት ምርመራ ባደረጉ ጊዜ፣ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ካገኛቸው ሰዎች ከዐሥሩ ዘጠኙ የሚያህሉት ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው እንደማያውቁ ተረዱ። ይህ ነገር የታወቀው ተመራማሪዎቹ በሆስፒታል በር ተቀምጠው የሚመጣውን ስለ ቆጠሩ አይደለም፤ ወደ በሽተኛው ደጅ ስለ ሄዱ ነው።

መንግሥትም ጉድለቱን አላጣውም። ከ2005 እስከ 2008 ዓ.ም. የሚያገለግል ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ወጥቶ፣ ሕክምናው ከትልልቅ ሆስፒታሎች ወርዶ በየጤና ጣቢያው እንዲሰጥ ታቅዷል። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ሕክምና ወደ ሰፈር ሲወርድ ሒሳቡም አብሮ መውረድ አለበት። በጣሊያን አገር ሐኪሙ ፍራንኮ ባዛሊያ ታግሎ በ1978 እ.ኤ.አ. የአእምሮ ሕሙማን መዝጊያ ግቢዎች ቀስ በቀስ እንዲቀሩና ሕክምናው በየሰፈሩ እንዲሆን ሕግ ወጣ። የሰፈሩ ማዕከል በደንብ በተደራጀበት ቦታ ሕሙማኑ እንደ ሰው መኖር ጀመሩ፤ ማዕከሉ በዘገየበት ቦታ ግን ሸክሙ በቤተ ሰብ ጫንቃ ላይ ወደቀ። ተከታታይ የሌለው በሽተኛ ወደ ቤቱ ቢመለስ ከትልቅ እስር ቤት ወደ ትንሽ እስር ቤት ተዛወረ እንጂ ነጻ ወጣ አይባልም።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። የእድራችን ዓመታዊ ስብሰባ በሚሆንበት ቀን የሰፈራችንን ሰው ብታዩት ትገረማላችሁ። ለድንኳን ማጠቢያ የወጣ ሁለት መቶ ብር ደረሰኝ ቢጎድለው፣ ገንዘብ ያዡ እስኪመሽ ይፋጠጣል። ጸሐፊው ይመሰክራል፤ ሽማግሌ ይነሣል፤ ነገሩ ሳይጣራ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ይህን ያህል ጠያቂ የሆነ ሕዝብ በጤና ድርጅት ስብሰባ ላይ ለምን ድዳ ይሆናል? የእድሩ ገንዘብ ገንዘባችን መሆኑን እናውቃለን፤ የመንግሥት ሆስፒታልና የጤና ጣቢያ ገንዘብ ግን የሌላ ሰው ስጦታ ይመስለናል። ከግብር የተሰበሰበ ገንዘብ መሆኑን እንረሳለን። ደግሞም ለሞተ ሰው መቀበሪያ ይህን ያህል ከተከራከርን፣ በሕይወት ላለው መዳኛ ዝም ማለታችን ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

አንዳንድ ሰው እንዲህ ይለኝ ይሆናል፦ «አገሩ ድኻ ነው፤ ባለሙያው ጥቂት ነው፤ ያለውን ማመስገን ይገባል።» ድህነቱ እውነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም መንግሥታት በአማካይ ከጤና በጀታቸው ከመቶው ሁለት ያህሉን ብቻ ለአእምሮ ጤና እንደሚያውሉ ጽፏል፤ ስለዚህ ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ነገር ግን የቀረውን በሽተኛ ለመቁጠር አንድ መዝገብና አንድ እርሳስ ይበቃል። ድህነት መድኃኒት ሊያሳጣ ይችላል፤ መድኃኒት ማጣታችንን እንዳንናገር ግን አያስገድድም። እንዲያውም ድኻ ነው ሒሳቡን አጥብቆ መያዝ ያለበት።

ሌላው ደግሞ «ባለሙያዎቹን ታስቀይማለህ» ይላል። አይደለም። በፀሐይና በጭቃ ፎቅ እየወጣች እየወረደች ቤት ለቤት የምትዞረውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ እኔ አከብራታለሁ። ሪፖርቱ የበደለው እርሷንም ጭምር ነው። የጠፋውን በሽተኛ ፈልጋ አግኝታ ወደ ሕክምናው ብትመልሰው ድካሟን የሚያስገባ ዓምድ ከሌለ፣ ሳትፈልገው ብትቀርም ጥፋቷን የሚያሳይ ዓምድ ከሌለ፣ ትጉዋንና ሰነፏን ምን ይለያቸዋል?

ሦስተኛው «ሕዝቡ የሚጠይቅበት መንገድ ተሰጥቶታል» ይላል። እውነት ነው፤ የጤና ተቋማት ቦርድ አላቸው፤ የማኅበረሰብ የውጤት ካርድ የሚባልም አለ። ካርዱ ስለ አክብሮት፣ ስለ መጠበቂያ ጊዜ፣ ስለ መድኃኒት፣ ስለ አምቡላንስ፣ ስለ ሕንፃው ይዞታና ስለ ንጽሕና ያስጠይቃል። መልካም ነው። ነገር ግን ስድስቱም ስለ ቤቱ ናቸው፤ ወደ ቤቱ መምጣት ስላቆመው ሰው የሚጠይቅ ሰባተኛ የለም። በገመድ የታሰረ ሰው ደግሞ ከስብሰባ መጥቶ ድምፅ አይሰጥም።

እንግዲህ እናንተ ማንበብና መጻፍ የታደላችሁ ወጣቶች፣ በሚመጣው ሰኔ በየሰፈራችሁ ስብሰባ ሲጠራ ከኋላ ወንበር ተቀምጣችሁ በስልካችሁ አትጫወቱ። ተነሥታችሁ በትሕትና ሦስት ነገር ጠይቁ።

አንደኛ፣ በዚህ ዓመት የአእምሮ ሕክምና ከጀመሩት ሰዎች ዛሬ በሕክምናው ላይ ያሉት ስንት ናቸው? ያቋረጡትንስ ማን ሄዶ ጠየቃቸው?

ሁለተኛ፣ መድኃኒቱ ከመደርደሪያው የታጣው በዓመቱ ውስጥ ስንት ቀን ነው? አለ ተብሎ በወረቀት የተጻፈ፣ በሽተኛው ግን የማያገኘው መድኃኒት «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነውና።

ሦስተኛ፣ ድርጅቱን ከሚመራው ቦርድ ውስጥ የአእምሮ ሕመምተኛ ያስታመመ ቤተ ሰብ ወይም ራሱ ታሞ የዳነ ሰው አለን? ከሌለ ለምን?

ከጥያቄያችሁ አስቀድማችሁ ግን የራሳችሁን እጅ አጽዱ። አእምሮው የታመመውን ሰው «እብድ» እያለ የሚስቅበት፣ ራቁቱን በመንገድ ሲሄድ በስልክ ቀርጾ ለጓደኛ የሚልክ ወጣት፣ የጤና ድርጅቱን ሊወቅስ ምን አፍ አለው? «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። እኛ እየሳቅን ግን ቤተ ሰቡ በሽተኛውን ለምን ደበቀ ብለን ልንፈርድበት አይገባንም።

እኔ ያንን ስብሰባ ከተቀመጥኩበት ወዲህ «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት እንደ ቀድሞው አላምነውም። እኔ ዝም ባልኩበት ሰዓት ከራሴ ጣራ በላይ አንድ ሰው ታስሮ ነበር። በማግስቱ ወደ ድርጅቱ ሄጄ የልጁን ካርድ ቁጥር ይዤ ጠየቅሁ፤ መዝገቡ ተገለጠ፤ መጨረሻ የመጣበት ቀን ታየ፤ ከዚያ በኋላ ያለው መስመር ባዶ ነበር። ኃላፊው መዝገቡን ብዙ ጊዜ ካየ በኋላ አንዲት ነርስ ጠርቶ ከእኔ ጋር ላካት። እርሷም ፎቁን ወጥታ ልጁን አየችው። መድኃኒቱ በዚያው ሳምንት ተገኘ፤ ገመዱ ግን ወዲያው አልተፈታም፤ ለመፈታት ጊዜ ይፈልጋል። እናቱም «ቀድሞስ ማን ከለከላችሁ?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄው ለነርሷ ብቻ አልነበረም።

በሚመጣው ሰኔ ስብሰባው ሲጠራ እሄዳለሁ። የምቀመጠው ከፊት ነው። የማታው ቁጥር ሳይነገር አላጨበጭብም።