መግዛት ሌላ፣ መገንባት ሌላ

የአውሮፓ የዝውውር መስኮት በተከፈተ ቁጥር የብዙ ቤት የእራት ወሬ ይቀየራል። ልጆች "የእኛ ክለብ ማንን ገዛ?" ይላሉ። አባት ስልኩን እየነካካ "እስካሁን ማንንም" ይላል። እናትም ደጋፊ ከሆነች ስም እየጠራች ይሄ ይምጣ፣ ያ ይሂድ ትላለች። ክለቡ አምስት ተጫዋች ካስፈረመ ክረምቱ ደስ ብሎ ያልፋል። ማንንም ካላስፈረመ ግን ባለቤቶቹ ስስታም፣ አሰልጣኙም እንቅልፋም ይባላሉ።

ሙያዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ከጨዋታው እኩል ከጀርባው ያለው ግብይት ይስበኛል። ብዙ መግዛትና ቡድን መገንባት ለየቅል መሆናቸውን ለማሳየት የርገን ክሎፕ በሊቨርፑል የሠራው ሥራ ጥሩ ምሳሌ ይመስለኛል። የአርሰናልና የማንቸስተር ወዳጆቼ ለዛሬ ታገሡኝ፤ ነገሩ ከክለብ ፍቅር ይሰፋል። (ዓመቶቹና ወሮቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ጓዳን ማየት

ክሎፕ ሊቨርፑልን የተረከበው በኦክቶበር 2015 ነው። ቡድኑ በሊጉ 10ኛ ነበር። በመጀመሪያው ጋዜጣዊ መግለጫው ተጠራጣሪው ደጋፊ ወደ አማኝነት መለወጥ እንዳለበት ተናገረ፤ በአራት ዓመት ውስጥም ቢያንስ አንድ ዋንጫ እንደሚገኝ እምነቱን ገለጸ። አራት ወር ሳይሞላቸው የሚሰናበቱ አሰልጣኞች ባሉበት ሙያ አራት ዓመት ብሎ መጀመር ድፍረት ይጠይቃል።

የመጀመሪያው ዓመት የሚያኮራ አልነበረም። ቡድኑ ሊጉን 8ኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ሁለት የፍጻሜ ጨዋታዎችን ተሸነፈ፤ በሊጉ ብቻ 50 ግብ ተቆጠረበት። እንዲህ ሲሆን ብዙ አሰልጣኝ "እነዚህ የእኔ ተጫዋቾች አይደሉም" ብሎ የግዢ ዝርዝር ያወጣል። ክሎፕ ግን በእጁ ያለውን መመርመር ቀደመ። ሮቤርቶ ፊርሚኖ እሱ ከመምጣቱ ጥቂት ወራት በፊት የተገዛ ነበር፤ ከክንፍ አንስቶ መሐል አጥቂ አደረገው። ጆርዳን ሄንደርሰንን በአምበልነቱ አጸናው። ትሬንት አሌክሳንደር አርኖልድ የሚባለውን የከተማዋን ልጅ በ18 ዓመቱ ከአካዳሚው አውጥቶ አሰለፈው። ለሦስቱም ክሎፕ አንድ ፓውንድ የዝውውር ገንዘብ አላወጣም። በ2019 የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ላይ ግን ሦስቱም ቋሚ ተሰላፊዎች ነበሩ።

ጓዳውን ሳያይ ገበያ የወጣ ሰው ያለውን ደግሞ ይገዛል፤ የጎደለውን ረስቶ ይመለሳል። በክሎፕ ሥራ ውስጥ የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው።

ዋጋው የወረደ፣ ችሎታው ያልወረደ

በቢዝነስ ትምህርት ቀድመን ከምንማራቸው ነገሮች አንዱ የአንድ ነገር ዋጋና ጥቅሙ ሁልጊዜ አብረው እንደማይሄዱ ነው። የሊቨርፑል የዝውውር ክፍል ይህን በሚገባ ያውቅ ነበር። ጆርጂኒዮ ዋይናልደምን በ2016 ከኒውካስል በ25 ሚሊዮን ፓውንድ ሲገዛ ኒውካስል ከፕሪሚየር ሊጉ መውረዱ ነበር። አንዲ ሮበርትሰንን በ2017 ከሃል ሲቲ በ8 ሚሊዮን ፓውንድ ሲያመጣም ሃል ሲቲ ወርዶ ነበር። በ2018 ዤርዳን ሻኪሪ የመጣው እንዲሁ ከወራጁ ስቶክ ሲቲ ነው። ክለብ ሲወርድ ገቢው ስለሚቀንስ መሸጥ ግድ ይሆንበታል። የተጫዋቹ ችሎታ ግን ከክለቡ ጋር አብሮ አይወርድም። ተከላካዩ ጆኤል ማቲፕ ደግሞ ከሻልክ ጋር የነበረው ውል ሲያልቅ በነጻ መጣ።

ሞሐመድ ሳላም በገበያው ስሙ የወረደ ሰው ነበር። ቼልሲ ውስጥ በቂ ዕድል ሳያገኝ ወደ ጣሊያን ስለሄደ በእንግሊዝ "ሞክሮ ያልሆነለት" የሚል ስም ተለጥፎበት ነበር። ክሎፕ ራሱ ከጊዜ በኋላ እንደተናገረው መጀመሪያ ልቡ ያደላው ወደ ጀርመናዊው ዩልያን ብራንት ነበር። የስፖርት ዳይሬክተሩ ማይክል ኤድዋርድስና ባልደረቦቹ ግን "ሳላ ነው የሚያስፈልገን" እያሉ ወተወቱት። ክለቡ በካምብሪጅ በፊዚክስ ዶክትሬት የሠራው ኢያን ግራሃም የሚመራው የመረጃ ትንተና ክፍልም ነበረው። ክሎፕ ሰማቸው። ሳላ በ2017 ወደ 37 ሚሊዮን ፓውንድ በሚጠጋ ዋጋ መጥቶ በመጀመሪያ ዓመቱ በሊጉ 32 ግብ አስቆጠረ፤ ይህም ለ38 ጨዋታ የውድድር ዓመት በወቅቱ ክብረ ወሰን ነበር።

የሳዲዮ ማኔ ታሪክ ደግሞ ፈገግ ያሰኛል። ክሎፕ ዶርትሙንድ እያለ ማኔን አግኝቶት ነበር፤ አለባበሱን አይቶ ራፐር መስሎት እንዳሳለፈው ራሱ አውርቷል። በ2016 ግን ከሳውዝሃምፕተን በ34 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ አስመጣው። የመጀመሪያ ፍርዱን ይዞ ቢቆይ ኖሮ ማኔን ሁለተኛ ጊዜ ያጣው ነበር።

ስድስት ወር መጠበቅ

በ2017 ክረምት የሊቨርፑል ቁስል የመሐል ተከላካይ ቦታ እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር። ክሎፕ የፈለገው የሳውዝሃምፕተኑን ቨርጂል ቫን ዳይክን ነው። ሳውዝሃምፕተን "ያለ ፈቃዴ ተጫዋቼን አነጋገራችሁ" ብሎ ቅሬታ ሲያነሳ ሊቨርፑል በይፋ ይቅርታ ጠይቆ ከግዢው መውጣቱን አስታወቀ። ደጋፊው "እሱ ካልሆነ ሌላ ግዙ!" ብሎ ጮኸ። ክለቡ ሌላ አልገዛም። መስኮቱ ተዘጋ። ሴፕቴምበር ላይ ቡድኑ በማንቸስተር ሲቲ 5 ለ 0፣ ኦክቶበር ላይ በቶተንሃም 4 ለ 1 ተሸነፈ። ያኔ መጠበቁ ሞኝነት ይመስል ነበር።

ጃንዋሪ 2018 ሲገባ ቫን ዳይክ በ75 ሚሊዮን ፓውንድ መጣ። ለአንድ ተከላካይ እስከዚያ ድረስ በዓለም ከፍተኛው ክፍያ ነበር። በዚያው ወር የደጋፊው ዓይን ማረፊያ ፊሊፔ ኮቲንሆ እስከ 142 ሚሊዮን ፓውንድ ሊደርስ በሚችል ስምምነት ለባርሴሎና ተሸጠ። በሚያምር ተጫዋች ሽያጭ አስፈላጊው ቀዳዳ ተደፈነ ማለት ነው። በሜይ 2018 ኪየቭ ላይ ግብ ጠባቂው ሎሪስ ካሪየስ በሠራቸው ስህተቶች ሪያል ማድሪድ ዋንጫውን ሲወስድ የቀረው ቀዳዳ በግልጽ ታየ። በዚያው ክረምት አሊሰን ቤከር ከሮማ በ67 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ተገዛ።

ውጤቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። በሊጉ የተቆጠረበት ግብ በ2015/16 50፣ በ2016/17 42፣ በ2017/18 38 ነበር፤ በ2018/19 ግን 22 ብቻ ሆነ። በዚያ ዓመት 97 ነጥብ ሰብስቦ በአንድ ነጥብ ብቻ በሲቲ ተቀድሞ ሁለተኛ ሆነ፤ ማድሪድ ላይ ቶተንሃምን 2 ለ 0 አሸንፎም የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነ። በቀጣዩ ክረምት ለቋሚ አሰላለፉ አንድም ትልቅ ግዢ አልፈጸመም። እንደዚያም ሆኖ በ99 ነጥብ ከ30 ዓመት በኋላ የሊጉን ዋንጫ አነሳ።

መሥሪያ ቤት የዋለ ሰው የዚህን ተቃራኒ ያውቀዋል። ሰኔ ሲደርስ የተረፈ በጀት እንዳይመለስ ተብሎ የሚገዛው ወንበር፣ ማተሚያና መደርደሪያ መጋዘን ይሞላል፤ በመስከረም የምር የሚያስፈልገው ዕቃ ሲጠየቅ "በጀት የለም" ይባላል። የዝውውር መስኮት መዝጊያ ዕለት የሚደረጉ ብዙ ግዢዎች የሰኔ ግዢዎች ናቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ!

ለመጣው ሰው ጊዜ መስጠት

ግዢው ሲያልቅ ሥራው ያለቀ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ሮበርትሰንን እንይ። ሴልቲክ በልጅነቱ "ትንሽ ነህ" ብሎ ያሰናበተው፣ በ2012 ገና በግላስጎው አማተር ክለብ ኩዊንስ ፓርክ ይጫወት የነበረ ልጅ ነው። ሊቨርፑል ገብቶ እስከ ዲሴምበር 2017 ድረስ ብዙም አልተሰለፈም። የግራ መስመሩ ቋሚ አልቤርቶ ሞሬኖ ሲጎዳ ገባ፤ ከዚያ በኋላ ቦታውን አላስነካም። ፋቢንሆ በ2018 ከሞናኮ ሲመጣም የውድድር ዓመቱ ከተጀመረ ከሁለት ወር በላይ በሊጉ ቋሚ ሆኖ አልጀመረም። ጋዜጦች "ምን ነካው?" እያሉ ሲጽፉ ክሎፕ የቡድኑን አጨዋወት እንዲማር ጊዜ ሰጠው። ዓመቱ ሳያልቅ የአማካይ ክፍሉ ምሰሶ ሆነ።

በሀገራችን የሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ሮበርትሰን በዚህ ቢለካ ኖሮ ፈተናውን ማለፉን እጠራጠራለሁ። ሕጉ ጥሩ ነው፤ ሠራተኛው ያለ ውሳኔ እንዳይንጠለጠል ይጠብቀዋል። ችግሩ ብዙዎቻችን በእነዚያ ቀናት ሰውየውን ከማስተማር ይልቅ መፈተን ብቻ መሆናችን ነው። ቤታችንም ከዚህ አይለይም። የቤት ሠራተኛ በየወሩ የምትቀያየርበት ቤት አይታችሁ ይሆናል። "ጎበዝ አልተገኘም" ይባላል፤ የቤቱን ልማድ፣ የልጆቹን ጸባይ፣ የምድጃውን አያያዝ ቁጭ ብሎ ያሳያት ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም።

መጠበቅም ዕዳ አለው

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ትዕግሥትን የሚያሞግስ ነው። እዚህ ላይ ብቆም ግን ግማሹን ታሪክ ደበቅኩ ማለት ነው።

ሊቨርፑል አማካዩን ናቢ ኬይታን በ2017 ተስማምቶ አንድ ዓመት ሙሉ ጠብቆ ነው ያመጣው። ከ50 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ወጣበት። ጉዳት እየተመላለሰበት የተጠበቀውን ሳይሆን በ2023 በነጻ ሄደ። የጠበቁት ሁሉ አይሰምርም።

ከዚህ የከፋው የአማካይ ክፍሉ እርጅና ነበር። ዋይናልደም በ2021 ውሉ አልቆ ሲሄድ በዚያ ክረምት በቦታው አማካይ አልተገዛም። ክለቡ ኦሬሊየን ቹዋሜኒን ከዚያም ጁድ ቤሊንግሃምን ይፈልግ እንደነበር በስፋት ተዘግቧል፤ የመጀመሪያውን በ2022፣ ሁለተኛውን በ2023 ሪያል ማድሪድ ወሰዳቸው። በመሐሉ ለረጅም ጊዜ የሚሆን አማካይ ሳይገዛ ቀረ። ያ ሁሉ ዋንጫ ያነሳ ቡድን በ2022/23 5ኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ከሻምፒዮንስ ሊግም ቀረ። በቀጣዩ ክረምት አራት አማካዮችን በአንድ ጊዜ መግዛት ግድ ሆነ።

ሰውየው ያው፣ ጥበቃው ያው፤ ውጤቱ ለምን ተለያየ? እኔ እንደሚገባኝ በ2017 የጎደለው አንድ ቦታ ነበር፤ ተጫዋቹም የታወቀ ነበር፤ ጥበቃው ቢበዛ እስከሚቀጥለው መስኮት ነበር። በአማካዩ ጊዜ ግን ያሉት ተጫዋቾች በየዓመቱ አንድ ዓመት እያረጁ፣ የሚፈለገው ሰው ደግሞ ሌሎች ትልልቅ ክለቦችም የሚፈልጉት ነበር። በመጀመሪያው ጊዜ ጥበቃው ዋጋ አስገኘ፤ በሁለተኛው ዕዳ ቆለለ።

ቤት ውስጥ ትልቅ ወጪ ሲታሰብ፣ መኪና ይሁን የልጅ ትምህርት ቤት ለውጥ ወይም የቤት ዕቃ፣ ባልና ሚስት ብዙ ጊዜ የሚጨቃጨቁት "እንግዛ" እና "እንጠብቅ" በሚለው ነው። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ከመወሰናችሁ በፊት ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ብትጽፉ ክርክሩ ይቀላል። የጎደለን በትክክል ምንድን ነው? ካለን ነገር ውስጥ ቦታውን ቢቀይሩት የሚሠራ የለም ወይ? እስከ መቼ ነው የምንጠብቀው? የመጨረሻው ላይ ቀን ጻፉበት። ክሎፕ ለቫን ዳይክ ጠብቆ አተረፈ፤ ለአማካዩ ግን የጥበቃው ማብቂያ ቀን ያልተቆረጠ ይመስላል።