ቦቴው ምን ጭኗል?

ቦቴ ሲገለበጥ ቀድሞ የሚደርሰው እሳት አጥፊ አይደለም፤ ወሬ ነው። «ናፍጣ ነው፣ አይነድም!» ይላል አንዱ። «ኧረ ቤንዚን ነው!» ይላል ሌላው። ጄሪካን ያነገበው የሚሰማው የሚስማማውን ነው። በጥቅምት 2014 በሴራሊዮኗ ፍሪታውን፣ በጥቅምት 2017 በናይጄሪያዋ ማጂያ፣ የፈሰሰ ቤንዚን ሊቀዱ ከተሰበሰቡት ብዙዎቹ ነደው አለቁ። በእያንዳንዱ ቦታ የሞቱት ከ140 በላይ ናቸው።

እኛስ? የጅማው መንገድ ወልቂጤን፣ የሆሳዕናው ቡታጅራን መሀል ለመሀል ሰንጥቆ ያልፋል። ቤንዚን በሃይላንድ ከጥቁር ገበያ የሚገዛ ባለባጃጅ፣ የፈሰሰ ነዳጅ ሲያይ ቢሮጥ ምን ይገርማል?

ቡታጅራ ላይ የቆመ ቦቴ ዞሬ አየሁ። የኩባንያው ስም በጎኑ በትልቁ ተጽፏል፤ ከኋላ «ተቀጣጣይ» የሚል ቀለሙ የለቀቀ ጽሑፍ አለ። ምን እንደጫነ ግን የትም የለም። ረዳቱን ብጠይቀው «ነዳጅ ነዋ!» ብሎ ሳቀብኝ።

የሚያስቅ ነገር የለውም! ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ ላይ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ያወጣል። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ተስቦ የቡና ሻጯ ከሰል ድረስ ይሄዳል። ናፍጣ ግን ትነቱ እንዲቀጣጠል ከ50 ዲግሪ በላይ መሞቅ አለበት። ታዲያ ናፍጣ ከሆነ እንረፍ? በፍጹም! ትናንት ቤንዚን ያራገፈ ታንክ ዛሬ ናፍጣ ቢሞላ፣ የቤንዚኑ ትነት ውስጡ ሊቀር ይችላል። በክፍል የተከፋፈለ ቦቴ ሁለቱንም ባንድ ጉዞ ይጭናል። ነጭ ጋዝ የሚቀላቅል ሌባ ከተጨመረበትማ ሾፌሩም ምን እንደሚነዳ አያውቅም።

ሳይቃጠል በቅጠል እንላለን፤ የሚነደው ሳይታወቅ ግን በምን ይጠፋል? የቤንዚን እሳት ላይ ውኃ የሚደፋ ሰው እሳቱን ለጎረቤት ያደርሰዋል።

መፍትሔው ያረጀ ነው፤ ብርቱካናማ ሰሌዳ ላይ አራት አሃዝ። 1203 ቤንዚን፣ 1202 ናፍጣ፣ 1223 ነጭ ጋዝ። ይህን ለመጻፍ ዶላር አይጠየቅም! የነዳጅ ክፍያችን በዲጂታል እንዲሆን ያስገደደ መንግሥት ይህን ማስከበር እንዴት ያቅተዋል?

የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ሆይ፣ ቁጥር ያልለጠፈ ቦቴ አይጫን! የወልቂጤና የቡታጅራ ትራፊኮችም ሰሌዳውን እንደ መንጃ ፈቃድ ይጠይቁ። እስከዚያው ወገኔ፣ የተገለበጠ ቦቴ ሁሉ ቤንዚን ነው ብለህ ሽሽ።