ስለ ሕንፃ ዕቃና ስለ እሳት

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መርካቶ ሸማ ተራ የደረሰውን ቃጠሎ አንባቢያን አይዘነጉትም። በዚያን ጊዜ የብዙ ሰው ንግግር ስለ መንገዱ ጥበት ነበር፤ እርግጥ ነው፣ መኪና ካልገባ ውሃ አይደርስም። ነገር ግን የሚነደው ዕቃ ራሱ ምን ዓይነት ጠባይ አለው ብሎ የጠየቀ ሰው እኔ አልገጠመኝም።

እዚህ ኩታበር አንድ ቀን ተማሪዎቼን ከክፍል አውጥቼ በአሸዋ ላይ እኩል የተቆረጡ ሦስት ነገሮች አስቀመጥሁ፤ የባሕር ዛፍ ቁራጭ፣ ጭድ የገባበት የደረቀ ጭቃና የፍራሽ ስፖንጅ። ቶሎ የሚነደው የትኛው ነው ብላቸው፣ አብዛኞቹ ጭድ ስላለበት ጭቃው ነው አሉ። ክብሪት ተጫረ። ጭቃው ጠቆረ እንጂ አልተያያዘም፤ ጭዱን አፈሩ አፍኖታል። እንጨቱም ፊቱ ከስሎ ዘገየ። ስፖንጁ ግን ወደ ኋላ ሳናፈገፍግ እየቀለጠና እየተንጠባጠበ ነደደ፤ ጢሱም አባረረን። ከደሴ የእሳት አደጋ መኪና ቢጠራ 20 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለው። በልጅነቴ ያስተማሩኝ የሚሲዮን መምህር ከግምት በፊት መለካት ይቅደም ይሉን የነበረው ትዝ አለኝ።

ልኩም አለ። አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት ሲነድ 17 ሜጋጁል ያህል ሙቀት ይሰጣል፤ ፌስታል የሚሠራበት ፖሊኤቲሊን ግን 43 ገደማ ነው፤ ይህም ከቤንዚን እምብዛም አያንስም። መሐንዲሶች በዚህ ብቻ አይወስኑም፤ ዕቃው በስንት ሰኮንድ እንደሚቀጣጠል፣ ሙቀቱን በምን ፍጥነት እንደሚለቅ፣ ጢሱም ምን ያህል እንደሆነ ይለካሉ። በአውሮፓ ፈጽሞ ለማይነደው ኤ1፣ ለመጨረሻው ኤፍ የሚባል ደረጃ ይሰጣል።

ይህ ለመንግሥት ሠራተኛ ምን ይረባዋል የሚል ቢኖር፣ ሰኔ 7 ቀን 2009 ዓ.ም. በሎንዶን የሆነውን ያስታውስ። ግሬንፌል በተባለው ባለ 24 ፎቅ ሕንፃ ከአንድ ወጥ ቤት ማቀዝቀዣ በተነሣ እሳት 72 ሰዎች አለቁ። ግድግዳው ከውጭ የተለበጠበት ሉህ ለዓይን አሉሚኒየም ነበር፤ በሁለቱ ስስ ቆርቆሮዎች መካከል ግን ያው ፖሊኤቲሊን ነበረበት። ዛሬ በከተሞቻችን የሚያብረቀርቀው ልባጥ በሆዱ ምን እንደያዘ ከመንገድ ላይ ሆኖ ማወቅ አይቻልም። ሊያውቀው የሚችለው የግዢ ኮሚቴው ነው፤ ያውም ከጠየቀ።

ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ ጨረታ የምታወጡ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከዋጋውና ከቀለሙ ጋራ የእሳት ፈተናውን ደረጃ የሚገልጽ ወረቀት እንዲቀርብ በሰነዱ ላይ እንድትጽፉበት አሳስባለሁ። ፈተናውም ሉሁ በሚገጠምበት አኳኋን የተደረገ ይሁን፤ ያው ሉህ በሪቬት ሲመታና ጠርዙ ታጥፎ ሲሰቀል አነዳደዱ የተለያየ መሆኑ በሎንዶኑ ምርመራ ታይቷልና። ለኮርኒሱ፣ ለመጋረጃውና ለወንበሩ ስፖንጅም እንደዚሁ።

ከአክብሮት ጋራ፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር
ከኩታበር